የአባባ ዳቦና ሻይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1981

"ምን ይበላሉ?" አለ ሐኪሙ። ሁለት ወር ስንመላለስ ይህን የጠየቀን ሰው የለም።

ራጅ ተነሥተናል፣ ደም ሰጥተናል፣ "ልባቸው ሰፍቷል፣ ደክሟል" ተብለናል፣ የልብ ክኒንና ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ወስደናል። (ወስደናል እላለሁ። የሚውጡት አባባ ናቸው፤ የሚያንቀው እኔን ነው።) የአባባ እግር ግን ማበጡን አልተወም። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ቦካ ሊጥ ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ከአልጋ እስከ በር ሲሄዱ ትንፋሻቸው ያልቃል። ዛሬ የተቀበለን አዲስ የተመደበ ሐኪም ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ጥያቄው የእሱ ነው።

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መልሱን ለእኔ ተዉት።

"ዳቦና ሻይ" አልኩ።

"ቁርስ ላይ ማለትዎ ነው?"

"ቁርስም፣ ምሳም፣ ራትም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አባባን አየ፣ እኔን አየ። "እርስዎ ምን ይሠራሉ?" አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! "ባልትና አስተማሪ ነኝ" አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም።

ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ይህ ነው፦ ቫይታሚን ቢ። የሚገኘው፦ በእህል ገለባ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በዓሣ። ሲጎድል፦ ነርቭና ልብ ይጎዳል። ሃምሳ ተማሪ ገለበጠው። እኔም ጠመኔዬን አራግፌ ቤቴ ሄድኩና ለአባቴ ነጭ ዳቦ ቆረስኩላቸው።

ሐኪሙ እንዳለው ስንዴው ነጭ እስኪሆን ሲፈጭ ቫይታሚኑ ከገለባው ጋር ይሄዳል፤ የተረፈችውንም ሻዩ ያባክናታል። ቢ ዋን የሚሉት ሲያልቅ ልብ ይደክማል፣ ሰውነት ውሃ ይቋጥራል። "እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በመርፌ እንሞክር። ምክንያቱ እሱ ከሆነ በሁለት በሦስት ቀን እናየዋለን።"

ስለቱን ግን አልነገርኩትም። አፍሬ ነው።

እዚህ ልጻፈው እንግዲህ። ወንድሜ አስፋው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ የተጫነ ዕለት አባባ ከሽኝቱ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ። "አስፋው በዚህ በር ተመልሶ እስኪገባ እንጀራና ወጥ በአፌ አይገባም። ዳቦና ሻይ ይበቃኛል" ብለው ለታቦቱ ተሳሉ። አባባ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቃላቸው ማኅተም ያረፈበት ነው፤ ይግባኝ የለውም። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጀራዬን የምበላው ጓዳ ውስጥ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እንደ ሌባ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያው መርፌ። አባባ ሲወጉ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። "መርፌ ስለቱ ውስጥ የለም" አሉኝ ሳልጠይቃቸው። አስበውበታል ማለት ነው።

ከዚያ ዳቦ ሰልፍ። ቆሜ ሳስብ ሳቄ መጣ። አባቴን የሚገድል ነገር ለመግዛት ተሰልፌያለሁ፤ ያውም እንዳያልቅብኝ እየሰጋሁ።

ምንም ለውጥ የለም። እንደሚሆንም አላምንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ሽንት! ከንጋት እስከ ቀትር ስድስት ጊዜ! እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ታየ። ትናንት ሦስት ትራስ ተደግፈው የነበሩት ሰው ዛሬ ባንድ ትራስ ተኙ። ሐኪሙን በሐሳቤ ሳምኩት፤ ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው።

አባባ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እስከ ዘይቱኑ ዛፍ ሄደው ተመለሱ። ብቻቸውን።

እኔ ደግሞ ይቺን ደስታ ከማን ጋር ልካፈላት? እናቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ። አስፋው የለም። ደብተሩ ይስማኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ሦስተኛው መርፌ የመጨረሻው ነው። መርፌውም ክኒኑም አልቋል፤ ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የከተማውን መድኃኒት ቤቶች ዞርኩ። አንዱ ጋ የሳል ሽሮፕ ሰጡኝ። እኔም ተቀበልኩ፤ ባዶ እጅ መመለስ ስለጠላሁ።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። "በሽታው ይሄው ነው፤ አሁን አውቀነዋል። ከዚህ ወዲያ መድኃኒታቸው ምግብ ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ። ይህ ሐይቅ አጠገባችሁ እያለ!" በዚህ ጊዜ ስለቱን ነገርኩት።

"ልጃቸው መቼ ነው የሚመለሰው?"

"ጊዜው አልፏል። ደብዳቤም ከቆመ ስምንት ወር ሆነው።"

"እንደገና ካበጡ ልባቸው ላይመለስ ይችላል" አለ። እኔን እያየ አይደለም የተናገረው፤ ጠረጴዛውን እያየ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ተከራክሬ ረታሁ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ግን ጥቅምትን ጠብቆ መጣ።

ጎረቤታችን አቶ ላሚሶ የዱቄት ወፍጮ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ጠዋት ሄጄ ፉርሽካ ስጡኝ አልኳቸው። ፉርሽካ ከስንዴው ላይ ተገፎ ለከብት የሚሸጠው ገለባ ነው።

"ላም ገዛሽ እንዴ?"

"አልገዛሁም።"

"ታዲያ ለማነው?"

"ለአባባ።"

መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ሐኪሙ ያለውን አስረዳኋቸው። አቶ ላሚሶ በአማርኛ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ቃሉን መዝነው ነው የሚያስቀምጡት። "በይ እንግዲህ! ሃያ ዓመት ሙሉ ነጩን ለሰው፣ ጥሩውን ለከብት ሳካፍል ኖሬያለሁ" አሉ። የኩንታል ከረጢት ሩቡን ያህል ሞልተው ሰጡኝ።

ከምሳ በኋላ አባባ ፊት ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ዳቦ ማለት ምንድን ነው?"

"ስንዴ፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው።"

"ፉርሽካስ የስንዴ ነው ወይስ የሌላ?"

"የስንዴ ልብሱ ነው።"

"እርስዎ ሲሳሉ ስንዴው ልብሱን ያውልቅ ብለዋል?"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ይህን የሚያደርጉት ዳኛው ውሳኔ ሊያነቡ ሲሉ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ፍርድ ቤት ምሳ ሳደርስላቸው አይቻለሁ። "አልተባለም" አሉ። "ተፈቅዷል።"

ልቤ ሞቀና ጨመርኩ። "ባቄላ ዱቄትስ ትንሽ ብቀላቅልበት?"

"እሱ ሌላ መዝገብ ነው።"

"ሻዩንስ ቢተዉት?"

"ሻይ በስሙ ተጠርቷል። አይነካም።"

እሑድ፣ ጥቅምት 13

እሑድ ነውና ደብዳቤውን አነበብኩ። አባባ ዓይናቸው ለጽሑፍ እንቢ ካለ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአስፋውን የመጨረሻ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። አሁን ቅዳሴው ቀርቷል፤ አይችሉም። ደብዳቤው አልቀረም።

አንድ ገጽ ናት። ሰላምታ፣ የጓደኞች ስም፣ ካልሲ ላኩልኝ። ከዚያ መጨረሻ ላይ፦ "ስመለስ ቤት አልገባም መጀመሪያ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ገዝቼ፣ ዓሣውን ይዤ ነው በሩን የማንኳኳው፤ አባባ ሽታውን ሲሰሙ ማን እንደመጣ ያውቃሉ።" እዚህ ስደርስ አባባ ሁልጊዜ ከእኔ እኩል በቃላቸው ይሉታል። ዛሬም አሉት። ቀስ ብለው፣ ከእኔ በግማሽ ቃል ዘግይተው።

የፉርሽካው ዳቦ ደረቀባቸው። ሦስት ጉርሻ በልተው ቀሪውን ሻይ ውስጥ ነከሩት። "ላም አደረግሽኝ" አሉ። ቀልዳቸው ከተመለሰ ደህና ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ስለት አፈረስኩ። የእኔን አይደለም፣ የሰው።

ሊጡ ውስጥ ሁለት እንቁላልና አንድ ኩባያ ባቄላ ዱቄት ጨመርኩ። ፉርሽካው ቀለሙን ሸፈነልኝ። እጄ ሲያቦካ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ዳቦ ውስጥ ያለ እንቁላል ጦር ሜዳ ያለ ሰው ጋ አይደርስም። አውቃለሁ። አውቄም ፈራሁ።

አባባ ቀመሱ። አላመጡ። አዩኝ። "ዛሬ ዳቦሽ ጣፍጧል" አሉና አንድ ቁራጭ ሙሉ በሉ። አንድ ቁራጭ! ጓዳ ገብቼ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ጻፊ። ጻፊውና ይውጣልሽ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። አዲስ አበባ ላለች የአጎቴ ልጅ የቫይታሚኑን ስም ጽፌ በሾፌር እጅ ልልክ ነበር። ላክሁም። ስመለስ የይርጋለም አውቶቡስ ጥግ አንድ ሰው ምርኩዝ ተደግፎ ቆሟል፤ የአንድ እግሩ ሱሪ ታጥፎ ተሰፍቷል። በቀለ ነው። የአስፋው የክፍል ጓደኛ፣ አብረው የተጫኑት፣ ደብዳቤው ላይ ስሙ ያለው።

ሳመኝ። ወዲያው ፊቱን መለሰ። ለእግሩ ሐኪም ቤት መጥቶ ወደ ቤተሰቡ እየተመለሰ ነው።

"አስፋውስ?" አልኩት።

"ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ።"

የጦሩ ምሥጢር መሰለኝ። "እህቱ ነኝ፣ ሰላይ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩበት። ሰው ዞሮ አየኝ። ክንዱን ይዤ አልለቅም አልኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ጎርጉሬ አወጣሁ።

"በመጋቢት ነው" አለ። "አጠገቤ ነበር። እኔ እግሬን፣ እሱ ግን… አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ እታለም። በእጄ። ሜዳ ላይ አልተጣለም።"

አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ አላውቅም። "አባባ እንዳይሰሙ" ብቻ አልኩት። አንገቱን ደፋ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ሲከፍት የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ፤ ምርኩዙን ይዞ እየዘለለ ሄደ።

ወንድሜ ሞቷል። ስምንት ወር ሊሞላው ነው። በየእሑዱ ደብዳቤውን ሳነብ ሞቶ ነበር። ካልሲ ስልክ ሞቶ ነበር።

እንቁላሉን የጨመርኩት ሰኞ ነው፣ የሞተው መጋቢት ላይ ነው። ይህን አሥር ጊዜ ለራሴ ነገርኩ። ልቤ አይሰማም። አንቺ ነሽ ይለኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የባልትና ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁና ድስቶቹ መሃል አለቀስኩ። ወጥቼ ስለ ቫይታሚን ሲ አስተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአባባ ብነግራቸው ስለቱ ያበቃል፤ የሚጠበቅ ሰው የለም፣ እንጀራ ይበላሉ። ግን ያ ልብ መርዶ ይችላል? ባልነግራቸው ዳቦና ሻዩ ይጨርሳቸዋል። በነገርኩ እገድላለሁ፣ ባልነገርኩ እገድላለሁ። ሌላ ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ከሥራ መልስ አቶ ላሚሶ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። መርዶ ብቻዬን የምነግረው ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ ነው። እርሳቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሰምተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አስፋው ልጅ ሆኖ የእርሳቸውን ላሞች ይጠብቅ እንደነበር ረስቼው ነበር።

"እኔ ጴንጤ ነኝ" አሉ ቆይተው። "እኛ ስለት አንሳልም። የሰው ስለት ላይ ግን አንራመድም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አሁን ብንነግራቸው ሁለት ለቅሶ ነው። ትንሽ ይጠንክሩ። ከዚያ እኔ ራሴ እመጣለሁ።"

ይጠንክሩ አሉ። በምን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

እግራቸው ተመለሰ። እብጠቱ ማለቴ ነው። እስከ ጉልበት። ሦስት ትራስ። ዳቦውን ሁለት ቀን አልነኩትም፤ ሻዩን ብቻ ፉት ይላሉ። ምግብ ይዘጋቸዋል።

ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት፣ የአስፋውንም። "ድንገተኛ ድንጋጤ አይመከርም" አለ። ከዚያ እንደ መማረር አድርጎት "እግራቸው ማበጥ የጀመረው በነሐሴ አይደለም? ያኔ እንኳ ምግብ ቀይረው ቢሆን እዚህ አይደርሱም ነበር" አለኝ።

በነሐሴ እኔ ለአስተማሪዎች የክረምት ኮርስ ከከተማ ወጥቼ ነበር። አባባን ለብቻቸው ትቼ። ይህም ይጨመርልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ምንም። መድኃኒቱ አልመጣም። ፊታቸው ግራጫ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ደብዳቤውን ላለማንበብ ሰበብ ፈለግሁ። ልብስ አጥባለሁ አልኩ። ራሴን አመመኝ አልኩ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ጠበቁኝ፤ ወንበሬን ራሳቸው በእጃቸው ሳብ አድርገው አልጋው አጠገብ አቅርበውታል።

አነበብኩ። ሰላምታው። ስሞቹ። የበቀለ ስም ላይ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሳልኩ። ካልሲው። ከዚያ አሞራ ገደል መጣ። ወረቀቱ ላይ ዓሣውን አየሁት፣ የእጅ ጽሑፉን፣ "ዓ"ዋን አጥምዞ የሚጽፋትን። አልቻልኩም። ዘለልኩና "በሉ ደህና ሁኑ፣ የእናንተው አስፋው" ብዬ አጠፍኩት።

አባባ አብረውኝ አላሉትም። እጃቸውን ዘርግተው ደብዳቤውን ተቀበሉኝና ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር። እንቅልፍ መጣብኝ አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ይህን የምጽፈው ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነው። ውጭ ድንኳን ተተክሏል።

ጠዋት ዳቦውንና ሻዩን ይዤ ገባሁ። አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንዴት እንደተነሡ እንጃ። ነጠላቸውን ለብሰዋል።

"ይህን መልሺው" አሉኝ። "እንጀራ አምጪ።"

ትሪው እጄ ላይ ቀረ።

"ትናንት ዓሣውን ዘለልሽው" አሉ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትሪውንም አስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ስኳሩ እንዳይፈስ ተጠንቅቄያለሁ። "ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"በቀለ። በነሐሴ፣ አንቺ ኮርስ ሳለሽ መጣ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስማልኩት። ትናንት ስሙ ላይ ድምፅሽ ሲለወጥ አወቅኩ፤ ምሏል፣ አፍርሷል። ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም።"

"ከነሐሴ ጀምሮ ያውቃሉ? ታዲያ ስለቱ አብቅቶ የለም? ለምን ዳቦውን…"

"እንጀራ የጠየቅኩ ቀን ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ።"

ከነሐሴ ወዲህ ያለው ዳቦ ለእኔ ነበር የተበላው። ሐኪሙ ያንን ወር ሲጠራ ጥፋቱን ለብቻቸው ትቼ መሄዴ ላይ አድርጌ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ግትር ሽማግሌ እያልኩ በልቤ ሳማቸው ነበር። ስለቱ ካበቃ በኋላ ልባቸውን ያሟጠጡት እኔ አንድ እሑድ ተጨማሪ ወንድም እንዲኖረኝ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀን ከእርሳቸው ስደብቅ።

ልጮህ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

"እስክበላ ቆዪ። ከበላሁ በኋላ እናለቅሳለን። ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል።"

ከትናንት የተረፈ ምስር ወጥ ነበረኝ፣ የራሴ፣ የጓዳዬ። አሞቅኩት። እንጀራውን ዘርግቼ አቀረብኩ። አባባ ለረጅም ጊዜ እያዩት ቆዩ። አማተቡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለራሳቸው አላደረጉትም፤ ለእኔ ነው ያጎረሱኝ። እጃቸው አብጦ ጣቶቹ አይጠቀለሉም፤ ወጡ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ራሳቸው በሉ። አንድ። ሁለት። አምስተኛው ላይ እንባቸው ወጥ ላይ ጠብ አለ፣ ግን አላቆሙም፤ እያለቀሱ ያኝኩ ነበር። ሰባት ጉርሻ።

"የሰኞውን እንቁላልም አውቄዋለሁ" አሉ አፋቸውን ሲያብሱ። "መዝገቡ ተዘግቶ ስለነበር ዝም አልኩ።"

ከዚያ "በይ አሁን" አሉኝ። ጮህኩ። አቶ ላሚሶ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ግቢው ሞልቷል። ጎረቤት ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው አመጡ፤ የለቅሶ ቤት ወግ ነው። ሰፌዱን ስቀበል ዓይኔ እዚያው ተተከለ። ስንዴው ከነገለባው። ባቄላው። ሽምብራው። ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ ባንድ ሰፌድ፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ክርክር። ይህ ሁሉ እዚህ ቤት እንዲገባ ወንድሜ መሞት ነበረበት።

አባባ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ተኙ ቢባሉ እንቢ አሉ። አቶ ላሚሶ አጠገባቸው ሆነው ንፍሮውን በእፍኛቸው እየያዙ በየመሃሉ ያቀብሏቸዋል። እፍኝ ተቀብለው፣ አንድ በአንድ፣ እየቆጠቡ ያኝካሉ። አሁን ሄጄ እግራቸውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጉድጓዱ ቀረ። ጠበቅኩት፣ አልሞላም። ሐኪሙ ላይመለስ ይችላል ያለው ልብ ተመልሶ እንደሆነ ማን ያውቃል። እኔ አላውቅም፤ ተስፋም ብዙ የለኝም።

ራት ሊቀርብ ነው። ሴቶቹ ይጠሩኛል። የእኔን እንጀራ እንደ ልማዴ ጓዳ ውስጥ አስቀምጬው ኖሮ አሁን አየሁት። አንሥቼ ወደ ድንኳኑ ልውሰደው። ከአባባ ጋር ባንድ ትሪ እንበላለን።